ሞተር ሳይክል ከነጠጋኞቹ ሲገዛ

አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ የማይጠገን ነገር የለም። ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው መከራም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ምናለሽ ተራ በርሜል ተሰንጥቆ ምድጃ፣ የመኪና ሞላ ተቀጥቅጦ መጥረቢያ ሲሆን ይውላል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ በየዓይነቱ ተዘርግቶ ይቸረቸራል። በዚህ ሰፈር ቡሎን የጠፋበት ሰው ቡሎን ባያገኝ ሚስማር ያገኛል፤ ሚስማር ባያገኝ ሽቦ ያገኛል፤ ሽቦም ካጣ ላስቲክ አቅልጦ የሚለጥፍለት ጎረምሳ አይጠፋም። ሞተር ሳይክሉም ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ይሸጣል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲፈታታው ግን የገዛው ሞተር ሳይክል ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ከእሱ በፊት የነዱትን ሰዎች ብልሃት ሁሉ አብሮ ገዝቷል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የነጋዴ ሂሳብ ነው የምይዘው። ደንበኞቼ ሁሉ መርካቶ ቢሆኑ በእግሬ እዳረስ ነበር፤ ግማሾቹ ግን ኮልፌ፣ ሳሪስና መገናኛ ሱቅ ከፍተዋል። የታክሲ ሰልፉ ሲያንገበግበኝ አንዲት 125 ሲሲ የቻይና ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ስንት እጅ እንደዞረች ሻጩም በቅጡ አያውቅም። ሲኒማ ራስ ባለው ግቢያችን፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ አቆማታለሁ፤ እዚያው እፈታታለሁ፣ እዚያው እገጥማለሁ። የትኛውን ራሴ እንደምሠራ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማልነካ ያስተማሩኝ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። በቬስፓ ጀምረው ባጃጅ ላይ ቁልፋቸውን ያስቀመጡ መካኒክ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሞተር ሳይክሏን ገፍቼ በራቸው ላይ ያቆምኩ ዕለት ዙሪያዋን አይተው፣ «ልጄ፣ አሁን እንዳትጠግን» አሉኝ፤ «መጀመሪያ የተጠገነውን አፍርስ።»

የሞተር ሳይክሏ ስም ቻይና ይሁን እንጂ ዘሯ ጃፓን ነው። ሆንዳ ሲጂ 125 የተባለውን ሞዴል ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ከንድፉ ጀምሮ የታሰበው እንደኛ ላሉ አገሮች ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት የሆንዳ 125 ሞተሮች ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ከላይ፣ ቴስታታው ውስጥ ተቀምጦ በሰንሰለት ይዞር ነበር። ዘይቱ በወቅቱ ለሚቀየርለት ሞተር ይህ ጥሩ ነው። በድሃ አገር ግን ሞተር ሳይክል ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ ዘይቱም ሬንጅ እስኪመስል አይቀየርም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ካሙን ወደ ታች አወረዱት፤ ቫልቮቹ በዘንግ እየተገፉ እንዲከፈቱ አደረጉ። ፍጥነቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ዕድሜው ረዘመ፣ ከሁሉም በላይ ማንም ሰው በጥቂት ቁልፎች ሊፈታው ቻለ። የቻይና ፋብሪካዎች ንድፉን ወስደው በብዙ ስም አወጡት። ዛሬ በየመንገዱ ከምታዩአቸው የቻይና 125 እና 150 ሞተሮች ብዙዎቹ የዚያ ንድፍ ልጆች ናቸው። ህንድ ሠራሹ ቦክሰር የራሱ ንድፍ አለው፤ ቢሆንም ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለእሱም ይሠራል።

ነገሬ ስለ ቁልፍና ካቻቢቴ ቢሆንም ወረቀቱን ሳልነካ አላልፍም። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ የተነካ፣ ቀለም የተደረበበት ወይም የተበየደ ከመሰላችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክሎች ለወንጀል መፈጸሚያ እየዋሉ ነው በሚል እንዳይንቀሳቀሱ አግዶ ነበር፤ ኋላ የተመለሱት ተመዝግበው ፈቃድ ያገኙት ናቸው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱ በስማችሁ መዞር አለመዞሩን ጠይቁ። ያ እገዳ ለመካኒክም የሚነግረው ነገር አለው። ያኔ ብዙ ሞተር ሳይክል በየግቢው ሸራ ለብሶ ከረመ። የቆመ ሞተር ሳይክል ደግሞ ከሚሠራው ይልቅ ይጎዳል፤ ቤንዚኑ ካርቡራተር ውስጥ ተኖ ሙጫ ትቶ ይሄዳል፣ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል፣ የዘይት መያዣ ጎማዎቹ ይደርቃሉ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ የሆነ አሮጌ ሞተር ሳይክል ስታዩ አትደሰቱ፤ የት ቆሞ እንደነበር ጠይቁ።

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን ቀድማችሁ ንገሩ። ስትደርሱ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ የደበቀው የጠዋት ችግር አለ ማለት ነው። አስነሱትና ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ወይ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ወይ በቫልቩ በኩል ዘይት ይወርዳል። ጥቁር ጭስ የቤንዚን ብዛት ነውና ብዙ አያስፈራም። በብርዱ ጠዋት የሚወጣው ነጭ ጭስ እንፋሎት ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል። የዘይቱን መለኪያ ዱላ አውጡና እዩት፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ከመሰለ ሞተሩ ውስጥ ውሃ አለ። እኔ ዋጋ የማስቀንሰው በጥቁሩ ጭስ ሲሆን፣ ሰማያዊ ካየሁ ግን ሰላም ብዬ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ማፍረሱ። የቀድሞ ባለቤቶች ብልሃት በብዛት የሚገኘው ሽቦ ላይ ነው። የእኔዋን የፊት መብራት ስከፍት በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ተግተልትሎ ወጣ። አንዱ ማስጠንቀቂያ ደወል አስገጥሞ ኋላ አውልቆታል፤ ሌላው ጂፒኤስ ሲያስገባ ዋናውን ሽቦ ቆርጦ በእጁ ገምዶ ትቶታል፤ የክላክሱ ሽቦ ከፍሬቻው ጋር ተጋብቷል። የከፋው ግን ቫልቮላው ነበር። በቦታው የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። የቫልቮላ ሥራው መቃጠል ነው። 10 አምፔር የተጻፈበት ቫልቮላ ከዚያ በላይ የመጣበት እንደሆነ ራሱን ሠውቶ ሽቦውን ያድናል። ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ የሆነ ቦታ ልብሱ የተላጠ ሽቦ ሻንሲውን ይነካል ማለት ነው። ያንን ቁስል ከመፈለግ ይልቅ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልል ሰው ቀጥሎ የሚያቃጥለው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው ከቤንዚኑ ታንከር ሥር ነው።

ሽቦ ማጽዳት ዕውቀት ሳይሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። በፕላስተር የታሸገው እያንዳንዱ መጋጠሚያ ይፈታል፤ የተጨመረውና ሥራ የሌለው ይወጣል፤ የሚቀረው በስታኞ ተይዞ በላስቲክ ቱቦ ይሸፈናል። ሲኒማ ራስ መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ራዲዮ የሚጠግነው ጎረቤቴ ካውያውን ያውሰኛል፣ ስታኞውንም አይቆጥርብኝም። ከዚያ በቴስተር ባትሪውን ለኩ። ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ባትሪው አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ያው ይሞትባችኋል። ስንቱ ሰው ባትሪ ሲቀያይር ኖሮ ችግሩ አንድ የዛገ የሻንሲ መጋጠሚያ ሆኖ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ቡሎን። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ነው፤ ቡሎኑ ብረት። ጉልበተኛ እጅ ሲያጠብቅ የሚበላሸው አሉሚኒየሙ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ጥርሱ ተበልቶ በላስቲክና በሙጫ ተይዞ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ አዲስ ጥርስ ያወጡለታል። ቤት ውስጥ ለምትሠሩት ጋሼ ያስተማሩኝ ይህ ነው፤ 10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታቸውን ትንንሽ ቡሎኖች ስታጠብቁ ቁልፉን ጫፉ ላይ ሳይሆን ራሱ አጠገብ በሁለት ጣት ያዙት፤ አጭር ክንድ ብዙ ጉልበት አያሳልፍም። ኮብልስቶን ላይ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ቡሎን በራሱ ይላላል። የማርሚታውን፣ የሞተሩን ማሰሪያና የኋላውን ጎማ ዳዶ በየሳምንቱ በእጅ መነካካት ልማድ ይሁን።

ካርቡራተሩ ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ችግር ከድሬዳዋው የሚለየው እዚህ ነው። መርካቶ ከባህር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው። ሞተር የሚሠራው አየርና ቤንዚን በልክ ሲደባለቁ ነው። ካርቡራተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ጅግለር የሚባለው ክፍል በቀዳዳው ስፋት ልክ ቤንዚኑን ይለቃል። ለቆላ ተብሎ የተመጠነ ጅግለር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። በዚያ ላይ አየሩ ስለሳሳ ብቻ ሞተሩ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ይህን ማንም መካኒክ አይመልሰውም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ባለቤቱ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክምበት «ቤንዚን አልደረሰውም» ይላል። አንድ ብልህ ጅግለሩን አውጥቶ በመርፌ ያሰፋለታል። አሁን ቤንዚኑ ይብስ በዛ፣ ጉልበቱ ይብስ አነሰ፣ ጭሱ ጠቆረ። ቀጣዩ ብልህ ቤንዚን በዛ ብሎ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ይጥልለታል። ሞተሩ ለጊዜው ይቀላዋል፤ ከዚያ የመርካቶ አቧራ በቀጥታ እየገባ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፈጫል። ሦስተኛው ሰማያዊ ጭስ አይቶ ፋሻ ይቀይራል። አንድ ጅግለር በመርፌ በመስፋቱ እዚህ ድረስ ይመጣል። የእኔዋም ላይ የሰፋ ጅግለርና የጠፋ ፊልትሮ ነበር ያገኘሁት። የሰፋ ጅግለር ተመልሶ አይጠብም፤ ቁጥሩ የተጻፈበት አዲስ ይገዛል፤ ለደጋ ደግሞ ፋብሪካው ካስገባው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ያለው ይስማማል። ሞተር ሳይክሏን ወደ አፋር ወይም ወደ ጋምቤላ የምትወስዱ ከሆነ ግን የድሮውን መልሱ፤ ቆላ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል።

ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ሞተር አልስማማ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነካው የካርቡራተሩን ስፒል ነው። ስፒሉ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በትንሽ ዘይት ታሽቶ ይመለሳል። ወረቀት ከሆነ ተራግፎ ይታያል፤ ከጠቆረ ይቀየራል። ቀጥሎ ካንዴላ። ሞተሩን በመደበኛ ፍጥነት ነድታችሁ አጥፉና ሲበርድ አውጡት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ እርጥብና ቅባታማ ጥቁር ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ ከነጣ ሞተሩ እየጋለ ነው። የጫፉ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሦስተኛው የቫልቭ ክፍተት ሲሆን፣ በዚህ ዓይነቱ ሞተር በቀዝቃዛው 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው በቀጫጭን የብረት ቅጠል የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ነው። ቫልቭ ቲክ ቲክ ሲል ሰው ይደነግጥና አጥብቆ ዝም ያሰኘዋል። ጠባብ ቫልቭ ግን በደንብ አይዘጋም፤ ሲሞቅ ደግሞ ይረዝምና ክፍት ሆኖ ይቃጠላል። ትንሽ የሚሰማው ይሻላል። እነዚህ ሁሉ ከተስተካከሉ በኋላ ነው ሞተሩን አሙቆ ሚኒሞውን ማስተካከል።

የዘይት ነገር አጭር ነው። በዚህ ሞተር አንድ ሊትር ገደማ ይገባል። ፍሪሲዮኑም ያንኑ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው፤ ስለዚህ ለመኪና ብቻ የተሠራ፣ ማለስለሻ የተጨመረበት ዘይት ስታስገቡ ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ፈልጉ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እቀይራለሁ፤ ከቤንዚንና ከካንዴላ ይልቅ የሞተርን ዕድሜ የሚወስነው ይኸው ነው። የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ለግንባታ ሣንቃ መቀቢያ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።

ካቴናው የሚታጠበው በነጭ ጋዝ ነው። ከታጠበ በኋላ ደርቆ፣ ዘይቱ የሚቀባው ከውስጥ በኩል፣ ጎማው በእጅ እየዞረ ነው። ጥብቀቱ የሚለካው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም፤ አሮጌ ካቴና እኩል አይለጠጥምና ጎማውን እያዞራችሁ በጣም የጠበቀውን ቦታ ፈልጉ፣ እዚያ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጫወት። መጋጠሚያው ላይ ያለችው ክሊፕ የተዘጋው ጫፏ ካቴናው በሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ በተቃራኒው ከገባች አንድ ቀን ትበራለች። ኮሮናው ጥርሱ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ አዲስ ካቴና ብቻውን አትግዙለት፤ ከነፒኞኑ ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ፍሬን ቤት ውስጥ ይሠራል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ካልቸኮላችሁ አዎ። በከበሮ ፍሬን ላይ ሸራው ምን ያህል እንደቀረ ማየት፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት፣ ሸራዎቹን የሚከፍተውን ካም በጣም ጥቂት ግራሶ መቀባት ነው። አቧራውን በአፍ እፍ አትበሉት፤ የቀድሞ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸውና ሳንባ ያጠፋል። ሸራው ዘይት ከነካው በቤንዚን አጥቦ መመለስ በሰፈራችን የተለመደ ነው፤ እኔ አልቀበለውም፤ ሲግል የተደበቀው ዘይት ይወጣል። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት ሞክሩት። ከእንጦጦ ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፤ የጋለ ከበሮ አይዝም። ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ ይያዛችሁ።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሱቅ ውስጥ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ኮብልስቶን ላይ ደግሞ አይጨብጥም።

የመለዋወጫ ጉዳይ መርካቶ ውስጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «የሊፋን ኩሽኔታ ስጠኝ» ብሎ የሚገባ ሰው ሻጩ የወደደውን ይዞ ይወጣል። ኩሽኔታ ግን የሞተር ሳይክል ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ጎኑ ላይ 6301 ካለ ውስጡ 12፣ ውጪው 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጃፓን ቢሠራ ቻይና፣ ለሞተር ሳይክል ቢሆን ለውሃ ፓምፕ፣ ልኩ አይለወጥም። የዘይት መያዣ ጎማም ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ውስጡ፣ ውጪውና ውፍረቱ ነው። አሮጌውን ዕቃ አጥባችሁ፣ ቁጥሩን አንብባችሁ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥር ከያዘ ገዢ ጋር ክርክር አይበዛም፤ እንዲያውም ሻጩ መካኒክ ነው ብሎ ዋጋ ይቀንሳል።

ክረምት ሲመጣ አንድ ልማድ አለኝ። ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ስፒል ከፍቼ የተጠራቀመውን በብርጭቆ እቀበላለሁ፤ ውሃ ካለ ከቤንዚኑ በታች ተለይቶ ይታያል። ላቫጆ ስወስዳት ደግሞ ልጆቹ ያንን ኃይለኛ ውሃ መሪው፣ የጎማው መሐልና የፍሬቻው ማብሪያ ላይ እንዳይለቁት እቆማለሁ። ግራሶውን አጥቦ የሚያወጣው ዝናብ ሳይሆን ላቫጆ ነው።

ስለ ቤንዚን ከተነሳ ግቢያችን የጋራ መሆኑን መርሳት አልችልም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ካለ እሳት ይደርሳል። እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ከሰል ከማያያዛቸው በፊት ብቅ ብለው «አንተ፣ ዛሬ ቤንዚን ነው ዘይት?» ይሉኛል። ቤንዚን ካልኩ ቡናው ይዘገያል፤ ዘይት ካልኩ ለእኔም ስኒ ይቀርባል። ሞተርም በር ዘግቶ ቤት ውስጥ አይነሳም፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

ቤት የማልነካቸው አሉ። ሲሊንደር ማስፋት፣ ቢየላ፣ የተሰበረ ሻንሲ ብየዳ የቶርኖ ቤትና የባለሙያ ሥራ ነው። ሲሊንደሩ ሲሰፋም በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እያለ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነውና ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ሳይለኩ ፒስተን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የኋላ ሞላ በብየዳ አላስቀጥልም፤ የተሰነጠቀ መሪም እንዲሁ። እነዚህ ሲሰበሩ አያስጠነቅቁም።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ለሞተር ሳይክሏ ደብተር ከፍቼላታለሁ። ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር ተቀየረ፣ የገባው ጅግለር ስንት ቁጥር ነው፣ የትኛው ሽቦ በየትኛው ተተካ፣ ኩሽኔታው ስንት ነው፣ ሁሉም አለበት። ጋሼ አይተው «ይህን ቀድሞ የነበረው ሰውዬ ቢያደርገው ኖሮ ስንት ጣጣ በቀረ» አሉ። እናንተም የምትሸጡ ከሆነ እባካችሁ ለገዢው ከሊብሬው ጋር የሠራችሁትን ጽፋችሁ ስጡት። በመርፌ የሰፋ ጅግለር ካለ ሰፍቷል በሉት፤ ቫልቮላው የተጠቀለለ ከሆነ ከመሸጣችሁ በፊት አውጡት።